ደጅ የሚጠናው መድኀኒት

በአገራችን ደጅ መጥናት ምን እንደ ሆነ የማያውቅ ሰው የለም። ባለጉዳዩ ማልዶ ይነሣል፤ ነጠላውን አጣፍቶ ከባለሥልጣኑ ግቢ በር ይቆማል። አጋፋሪው የሚያውቀውን ያስገባል፤ የማያውቀውን «ነገ ተመለስ» ይለዋል። ባለጉዳዩ ምንም እውነት ቢኖረው፤ ማስረጃውም ምንም የተሟላ ቢሆን፤ ከእልፍኝ እስካልገባ ድረስ ነገሩ አይፈጸምለትም። እኔም ዛሬ የምጽፈው እንዲህ እንደ ባለጉዳይ ደጅ ስለሚጠና መድኀኒት ነው። ደጁ የሰው አንጎል ነው፤ መድኀኒቱም የአንጎልን ነቀርሳ ያጠፋ ዘንድ የሚላከው ነው።

ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ ምክንያት አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ «ናኖ» የምትባል ቃል በየወሬው ገብታለች። ዛሬ «የአንጎል ነቀርሳ መድኀኒት ተገኘ» ይባላል፤ ነገ «በናኖ ጥበብ ዕጢው ድራሹ ጠፋ» ይባላል። ወሬውን የሚያነበው ሰው ቤቱ ሰላም ከሆነ ተደንቆ ያልፈዋል። እናቱ ወይም ወንድሙ በዚህ በሽታ የተያዘበት ሰው ግን እንዲህ በቀላሉ አያልፈውም። ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ይመክራል፤ በመጨረሻም ወደ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወይም ወደ አንዱ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ዞሮ፤ «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስቲ ይህን የፈረንጅ ጽሑፍ አንብበህ ቁርጡን ንገረን፤ ቤቱን ሸጠን ውጭ አገር እንውሰዳት ወይስ ይቅር?» ይለዋል። እንግዲህ ቤቱ መሸጡም ሆነ መቅረቱ በዚያ ልጅ ንባብ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

የእኔ አሳብ ይህ ነው። የተማረ ሰው ስለ አዲስ መድኀኒት ሲጠየቅ አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው የመድኀኒቱን ብርታት አይደለም። መድኀኒቱ ከበሽታው ስፍራ መድረሱን፤ ደርሶም የሰውን ዕድሜ ማራዘሙን ነው። ይህን ለመመርመር ደግሞ ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ግሊዮብላስቶማ» የሚባለው በሽታ ከራሱ ከአንጎል ከሚነሡት ክፉ ዕጢዎች ሁሉ በዐዋቂ ሰዎች ላይ አብዝቶ የሚታየው ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የአንጎል ዕጢዎችን በክፋታቸው መጠን ከ1 እስከ 4 ባለው ደረጃ ሲመድብ፤ ይህ ዕጢ የሚገኘው በ4ኛው ነው። በአንዱ ሕመምተኛ ላይ ራስ ምታት ሆኖ ይጀምራል፤ በሌላው ላይ እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፋል፤ በሌላው ደግሞ ንግግርን ያጠፋል ወይም ግማሽ አካልን ያደክማል። ሐኪሙ የራስ ቅሉን ከፍቶ ዕጢውን ቆርጦ ያወጣል፤ ነገር ግን በሽታው በዚህ አያበቃም። ሰርዶ ያለበትን ማሳ ያረሰ ገበሬ ነገሩ ይገባዋል። ከላይ የሚታየው ሣር ቢነቀልም ከአፈር ውስጥ የቀረችው ቀጭን ሥር ዝናብ ባገኘች ጊዜ መልሳ ታቆጠቁጣለች። የዚህም ዕጢ ሕዋሳት ከዋናው እብጠት አልፈው በጤነኛው አንጎል መካከል ተሰግስገው ስለሚቀሩ የሐኪም ቢላ አያገኛቸውም። ሁሉንም ለማግኘት ቢሞከር፤ የሰውዬው ንግግርና አሳብ፤ እጅና እግር አብሮ ይቆረጣል።

በ2005 ዓ.ም. ሮጀር ስቱፕ የተባሉት ሐኪም ከአውሮፓና ከካናዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ያወጡት ጥናት እስከ ዛሬ ድረስ የሕክምናው መሠረት ነው። 573 ሕመምተኞች በሁለት ተከፈሉ። እኩሌቶቹ በጨረር ብቻ፤ እኩሌቶቹ በጨረርና ቴሞዞሎማይድ በሚባል መድኀኒት ታከሙ። በጨረር ብቻ ከታከሙት መካከል ግማሾቹ ከ12.1 ወር በላይ ኖሩ፤ መድኀኒቱ ከተጨመረላቸው መካከል ግን ግማሾቹ ከ14.6 ወር በላይ ኖሩ። ልዩነቱ ሁለት ወር ተኩል ነው። ይህን «ምን አላት» ብሎ የሚንቅ ሰው ቢኖር ቀጥሎ ያለውን ይመልከት። ሁለት ዓመት ሲሞላ በሕይወት የተገኙት በፊተኛው ክፍል ከመቶው ዐሥር ያህል ብቻ ሲሆኑ፤ በኋለኛው ከመቶው ሃያ ስድስት ያህል ነበሩ። ቴሞዞሎማይድ ለዚህ ማዕረግ የበቃበት አንዱ ምክንያት ምንድን ነው ቢሉ፤ መጠኑ አነስተኛ በመሆኑ ከአንጎሉ ደጅ በከፊልም ቢሆን ሾልኮ መግባት መቻሉ ነው። በሌላው አካል ላይ ነቀርሳን አሳምረው የሚገድሉ ብዙ መድኀኒቶች አሉ፤ ከአንጎል ሲደርሱ ግን ከደጅ ይቀራሉ።

ይህ ደጅ እንዴት ታወቀ? በ1885 ዓ.ም. ጳውል ኤርሊክ የተባሉት ጀርመናዊ ሊቅ በእንስሳት ደም ውስጥ ቀለም ጨምረው ተመለከቱ። ቀለሙ የእንስሳውን አካል ሁሉ ሲያቀልም አንጎሉ ነጭ እንደ ሆነ ቀረ። ኤርሊክም፤ «አንጎል ቀለሙን የመቀበል ጠባይ የለውም» ብለው አሰቡ። ቆየት ብሎ ኤድዊን ጎልድማን የተባሉት ተማሪያቸው ነገሩን ገልብጠው ሞከሩት። በ1913 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት ቀለሙን በደም ሳይሆን አንጎልን በሚያጥበው ፈሳሽ ውስጥ ጨመሩት፤ አሁን አንጎሉ ቀለመ፤ ሌላው አካል ሳይቀልም ቀረ። እንግዲህ አንጎል ቀለም የማይቀበል ሆኖ አልነበረም፤ መንገዱ ተዘግቶበት ነበር እንጂ። እዚህ ላይ ተማሪ የሆነ ሁሉ ልብ ይበል። ኤርሊክ በ1908 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ፤ መድኀኒት እንደ ተአምረኛ ጥይት በሽታውን ብቻ ለይቶ ይመታ ዘንድ የተመኙ ታላቅ ሰው ናቸው። እንዲህም ሆኖ ያዩት ነገር ትክክል ሲሆን የሰጡት ምክንያት ስሕተት ነበረ፤ ስሕተቱንም ያረመው የተማሪያቸው ሙከራ ነው።

ደጁ በዐይን የታየው ግን በ1967 ዓ.ም. ነው። ቶማስ ሪስና ሞሪስ ካርኖቭስኪ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በኤሌክትሮን በሚሠራ አጉሊ መነጽር የአይጥን አንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲመረምሩ፤ የሥሮቹን ግድግዳ የሠሩት ሕዋሳት ጠርዝ ለጠርዝ እጅግ ተጣብቀው አገኟቸው። በሌላው የሰውነት ክፍል በሕዋስና በሕዋስ መካከል ስንጥቅ አለ፤ ከደም ውስጥ ያለው ነገር በዚያ እየሾለከ ይወጣል። በአንጎል ግን ስንጥቁ ተደፍኗል። ከዚህም ሌላ በግድግዳው ላይ እንደ እልፍኝ አስከልካይ ሆነው የቆሙ የፕሮቲን ፓምፖች አሉ። ሾልኮ የገባውን ባዕድ ነገር ይዘው ወደ ደሙ መልሰው ይጥሉታል። በአንጻሩ ስኳርን፤ ብረትንና ሌላውን አንጎል የሚፈልገውን ነገር እጁን ይዘው የሚያስገቡ ባለሟሎችም በዚያው ግድግዳ ላይ ይገኛሉ።

እንግዲህ ይህን ደጅ እንደ ጠላት ልንቈጥረው አይገባም። ይህ ጥበቃ ባይኖር የበላነውና የጠጣነው፤ በደማችንም የሚዞረው መርዝና ተሕዋስ ሁሉ አንጎላችንን ባናወጠው ነበር። ችግሩ አጋፋሪው መርዝንና መድኀኒትን አለመለየቱ ነው። የግሊዮብላስቶማም ተንኮል በዚህ ይገለጣል። በዕጢው መካከል ያሉት የደም ሥሮች የተበላሹ ስለሆኑ ደጁ ተሰብሯል፤ መድኀኒት በዚያ በኩል ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ያ ክፍል ሐኪሙ ቀድሞ ቆርጦ የሚያወጣው ነው። ከዳር ተበትነው የተሰገሰጉት ሕዋሳት የተሸሸጉት ጥበቃው ባልተነካበት በጤነኛው ክፍል ነው። መድኀኒቱ በብዛት የሚደርሰው ብዙም ከማያስፈልግበት ስፍራ ነው፤ ከሚያስፈልግበት ግን አይደርስም።

ናኖ የሚባለው ጥበብ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለአንድ ሚሊዮን ቢከፈል የሚገኘው አንዱ እጅ ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው። መድኀኒት ተሸካሚዎቹ ቅንጣቶች እያንዳንዳቸው 100 ናኖሜትር ቢሆኑ ስምንት መቶ ያህሉ በአንዲት ጠጕር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ ማለት ነው። በ1965 ዓ.ም. አሌክ ባንጋም የተባሉት እንግሊዛዊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ስብ አረፋዎች ጽፈው ነበር። ከሕዋስ ቆዳ የሚገኘው የስብ ዓይነት ከውሃ ጋር ሲገናኝ በገዛ ራሱ ተጠቅልሎ ትንንሽ ከረጢት ይሆናል። በከረጢቱ ውስጥ መድኀኒት ቢከተትበትስ? ከዚህ ጥያቄ ተነሥቶ ብዙ ተሠራ፤ በ1995 ዓ.ም. ዶክሶሩቢሲን የተባለው የነቀርሳ መድኀኒት በስብ ከረጢት ተሸፍኖ እንዲታዘዝ የአሜሪካ መንግሥት ፈቀደ። ያው መድኀኒት በከረጢት ሲሆን በልብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ቀነሰ። ከአሳቡ እስከ ፈቃዱ ሠላሳ ዓመት ማለፉን አንባቢ ያስተውል።

ለአንጎል ሲሆን ከረጢቱ ብቻውን አይበቃም፤ አጋፋሪው የሚያውቀው ልብስ ያስፈልገዋል። ብረትን ተሸክሞ ከአንጎል የሚያደርስ ትራንስፌሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ በግድግዳውም ላይ እርሱን የሚቀበል ባለሟል አለ። ስለዚህ ተመራማሪዎች የመድኀኒቱን ከረጢት በትራንስፌሪን አልብሰው በባለሟሉ በኩል ለማስገባት ይሞክራሉ። ይህ ብልሃት በአይጥ ላይ ብዙ ጊዜ ተሳክቷል። የጋዜጣው ርእስ «መድኀኒት ተገኘ» የሚለውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ላይ ሆኖ ነው።

በሰው ላይ የተደረገውን ደግሞ በተራ እንመልከት። መጀመሪያ የታሰበው ደጁን ትቶ በጣራ መግባት ነበር። ሄንሪ ብረምና ሮበርት ላንገር የተባሉ አሜሪካውያን ካርሙስቲን የሚባለውን መድኀኒት ሳንቲም በሚያህል ቀስ ብሎ በሚሟሟ ስስ ክብ ነገር ውስጥ አኖሩት። ሐኪሙ ዕጢውን ካወጣ በኋላ እስከ 8 የሚደርሱትን በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። በ1995 ዓ.ም. በታተመው ሙከራ፤ በሽታው ካገረሸባቸው 222 ሕመምተኞች መካከል መድኀኒቱን ካገኙት ግማሾቹ ከ31 ሳምንት በላይ ሲኖሩ፤ ካላገኙት ግማሾቹ ከ23 ሳምንት በላይ ኖሩ። በሚቀጥለው ዓመት ተፈቀደ። ነገር ግን መድኀኒቱ ከጉድጓዱ ግድግዳ ብዙ ርቆ አይሄድም።

ሁለተኛው አሳብ በቀጭን ቧንቧ መድኀኒቱን እየገፉ በአንጎሉ ውስጥ ማሰራጨት ነበር። ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ ሲታተም፤ 296 ሕመምተኞች በተካፈሉበት ሙከራ፤ በቧንቧ ከታከሙት ግማሾቹ ከ36.4 ሳምንት በላይ፤ በፊተኛው ስስ ክብ ከታከሙት ግማሾቹ ከ35.3 ሳምንት በላይ ኖረው ተገኙ። ይህ ልዩነት አይባልም። ተመራማሪዎቹ ግን አልሸሸጉትም፤ ጽፈው አወጡት። እኔ በበኩሌ ይህን ጽሑፍ ከብዙ የምሥራች አስበልጬ አከብረዋለሁ፤ ከኋላ የሚመጣው ሰው በዚያው ጉድጓድ እንዳይወድቅ ምልክት አቁሞለታልና።

ከዚያ ወዲህ ናኖው ራሱ ከሰው ደርሷል። በ2021 ዓ.ም. በአሜሪካ የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት እንዲህ ነው። በደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ዙሪያ የዕጢውን አንድ ክፉ ዘረ መል ዝም የሚያሰኝ ቅመም ተከሉ፤ ይህንንም በሽታው ላገረሸባቸው 8 ሕመምተኞች በደም ሥር ሰጡ። ኋላ በቀዶ ጥገና የወጣው ዕጢ ሲመረመር ወርቁ በውስጡ ተገኘ። እንግዲህ ደርሷል። ሕመምተኞቹን አዳናቸው ወይ? ሙከራው ይህን ለመጠየቅ የተዘጋጀ አልነበረም፤ መድረሱንና ጉዳት አለማድረሱን ለማየት ነበር እንጂ።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ በ2023 ዓ.ም. የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ደጁን ለጥቂት ጊዜ ለመክፈት የተደረገ ነው። በ17 ሕመምተኞች የራስ ቅል ላይ፤ በቀዶ ጥገናው ጊዜ፤ ረቂቅ የድምፅ ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ ተተከለ። ትንንሽ የአየር አረፋዎች በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ድምፁ ሲለቀቅ አረፋዎቹ እየተንቀጠቀጡ የደም ሥሩን ግድግዳ ያላሉታል። በዚያን ጊዜ ፓክሊታክሰል የተባለው መድኀኒት አልቡሚን በሚባል የደም ፕሮቲን በተሠሩ ቅንጣቶች ተጭኖ ይላካል። ድምፁ በነካው የአንጎል ክፍል የተገኘው መድኀኒት ካልነካው ክፍል 3.7 ጊዜ እጥፍ ያህል ሆነ። የደጁም አብዛኛው ክፍል አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ተመልሶ ተዘጋ። ይህ በውነቱ የሚያስደንቅ ሥራ ነው። ቢሆንም ይህም የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ የተጠየቀውም ስለ መጠኑና ስለ ደኅንነቱ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ሒሳብ ይጨመር። በ2016 ዓ.ም. በቶሮንቶ የዋረን ቻን ተመራማሪዎች ዐሥር ዓመት ሙሉ የታተሙትን የናኖ ጥናቶች ሰብስበው ቈጠሩ። በእንስሳት ላይ ለልዩ ልዩ ዕጢዎች ከተላከው ከሺው ቅንጣት ከዕጢው የደረሰው በመካከለኛ ግምት 7 ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከቀረው ብዙውን የሚይዙት ጉበትና ጣፊያ ናቸው። ይህም የአንጎል ደጅ በሌለበት በሌላው አካል ያሉት ዕጢዎች ጭምር ተቈጥረው ነው።

«ይህ ጸሐፊ ተስፋ ለማስቈረጥ ተነሥቷል፤ የታመመ ሰው የሚኖረው በተስፋ አይደለምን?» የሚል ተቃዋሚ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እውነት ነው፤ ሰው በተስፋ ይኖራል። ነገር ግን «ላም አለኝ በሰማይ፤ ወተቷንም አላይ» የሚባለው ተስፋ የቤተ ሰብን ጥሪት ጨርሶ፤ የቀረችውንም ጥቂት ወር በአውሮፕላን ማረፊያና በእንግዳ ሆቴል ካሳለፈ በኋላ ባዶ እጁን የሚመለስ ነው። ሕመምተኛዋ እነዚያን ወራት ከልጆቿ ጋር ብትቀመጥባቸው ትወድ ይሆናል። የውሸት ተስፋ የሚቀማው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ነው፤ በዚህ በሽታ ደግሞ ከጊዜ የሚበልጥ ሀብት የለም።

ሌላው ተቃዋሚ በተገላቢጦሽ፤ «ይህን ያህል ዓመት ተለፍቶ ጥቂት ወር ብቻ ከተገኘ ገንዘቡ ለሌላ ቢውል ይሻላል» ይላል። ለዚህም መልስ አለ። በ1965 ዓ.ም. ስለ ስብ አረፋ የጻፉት ሰው የኮሮናን በሽታ አያውቁም ነበር። ሆኖም በ2020 ዓ.ም. መጨረሻ በየአገሩ መሰጠት ከጀመሩት የኮሮና ክትባቶች መካከል አንዳንዶቹ መልእክታቸውን ከሕዋስ ያደረሱት በስብ በተሠራ የናኖ ቅንጣት ተሸፍነው ነው። መንገድ የሚጠርግ ሰው በመንገዱ ማን እንደሚሄድበት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም።

ስለዚህ ወጣቱ አንባቢ ከቤተ ዘመዱ ፊት ሲቆም ሦስት ነገር ይጠይቅ ዘንድ እመክረዋለሁ። መጀመሪያ፤ ሙከራው የተደረገው በማን ላይ ነው? በአይጥ ከሆነ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል፤ በሰውም ከሆነ ስንት ሰው እንደ ሆነ ይመልከት። ሁለተኛ፤ የተመዛዘነው ከምን ጋር ነው? መድኀኒቱን ያላገኘ ወይም የተለመደውን ሕክምና ያገኘ ሌላ ክፍል ከሌለ፤ ሕመምተኞቹ ረዥም ጊዜ የኖሩት በመድኀኒቱ ይሁን በሌላ ምክንያት ሊታወቅ አይችልም። ሦስተኛ፤ ጽሑፉ የሚለው «ደረሰ» ነው ወይስ «ዕድሜ ጨመረ»? ባለጉዳይ ከእልፍኝ ስለ ገባ ብቻ ጉዳዩ ተፈጸመለት አይባልምና።

ከዚህም ጋር ሐኪሙ ሳይማከር አንዳች ነገር አይወሰን። የተጀመረ ሕጋዊ ሙከራ ካለ፤ ሕመምተኛዋም የምትቀበለው ዓይነት ከሆነች፤ የሚያመለክተው ሐኪሟ ነው። ገና በሙከራ ላይ ያለውን መድኀኒት በብዙ ገንዘብ እሸጣለሁ የሚል ሰው ሲገኝ ግን እጅግ ሊጠረጠር ይገባል።

የአንጎላችን አጋፋሪ መርዝንና መድኀኒትን አይለይም ብለናል። እኛ ግን ለመለየት ተምረናል። የሰማነውን ሁሉ ወደ ቤታችን የምናስገባ ከሆነ ቤታችንን እናስዘርፋለን፤ ሁሉንም የምንዘጋበት ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን እውነተኛው መድኀኒት መጥቶ ደጅ ሲጠና ሳናስገባው እንቀራለን። ስለዚህ «ቁርጡን ንገረን» ለሚለን ዘመድ የምንመልሰው፤ «ተገኝቷል» ወይም «ከንቱ ነው» ብለን አይሁን። «እዚህ ድረስ ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ገና ነው» ብለን ይሁን። ይህ መልስ ደስ ላያሰኝ ይችላል፤ ነገር ግን ቤት ይሸጥ አይሸጥ ብሎ ለተቀመጠ ቤተ ሰብ ከዚህ የበለጠ ልንሰጠው የምንችለው የለም።